ወደ ጭራው ያዘነበለችው መሰላል

መምህር ዋቅወያ ደረሳ የተገኘው በደረቱ ተደፍቶ ነበር። የማጅራቱ ፀጉር በደም ረጥቧል። ከራሱ አጠገብ የከሰል ካውያ ወድቋል፤ እሳት የለበትም፣ ቀዝቃዛ ነው። ከበላዩ ግን፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከክንድ የማይበልጥ ባለሁለት ሞተር የፕላስቲክ አውሮፕላን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቆሟል።

ዓመቱ 1972፣ ወሩ ጥቅምት፣ ቀኑ እሑድ ነበር። ሚስቱ አዴ ድርቤ ከጎረቤት ጸሎት ስድስት ሰዓት ላይ ስትመለስ አገኘችውና ጮኸች። በዚያ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ ጩኸት ሲሰማ እናቶች ወደ ጩኸቱ ከመሮጣቸው በፊት ልጆቻቸውን ይቆጥሩ ነበር።

የፖሊሷ ሃምሳ አለቃ ሸዋጌጥ ሰባት ሰዓት ላይ መምህሩ ወደሚኖርበት ጨለለቂ ሰፈር ስትደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዱኛ በር ላይ ጠበቃት።

«ነገሩ አልቋል፤» አላት። «ገዳዩን ይዘነዋል። ባለሱቁ ረዲ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ከዚህ ቤት ሲወጣ ሁለት ሰው አይቶታል። እጅጌው ላይ ደም አለ።»

«ለምን ገደልኩት ይላል?»

«የሚለውን ወህኒ ቤት ይበል። ማክሰኞ ከሰዓት መኪናው ይመጣል።»

ሸዋጌጥ መኪናውን ታውቀዋለች። በእሱ ተጭኖ የሄደ ሰው ተመልሶ አይታ አታውቅም። አጥሩ ሥር የረዲ ሚስት ወለቴ ሕፃን አዝላ ቆማለች። አታለቅስም። የሚመጣውን አስቀድማ ያየች ሴት ነበር የምትመስለው።

«እስከ ማክሰኞ ቀትር ስጠኝ፤» አለች ሸዋጌጥ።

«ማክሰኞ ቀትር ያው ማክሰኞ ቀትር ነው፤» አለ አዱኛ። «አንድ ደቂቃ አልጨምርም።»

ሸዋጌጥ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ገባች። አዲስ ክፍል ስትገባ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ዓይኗ ሳይጨርስ እጇ እንዳይጀምር።

«ይሄን አሻንጉሊት ማን ነው የሚሠራው?» ስትል ጠየቀች።

ድርቤ ከሴቶቹ መሀል ቀና አለች። «አሻንጉሊት አትበይው፣ እህቴ። ሚሲዮኑ ዶክተር አገር ሲለቅ የሰጠው ነው። ካርቶኑ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው የለም ይል ነበር። ከካርቶኑ የወጣው ግን ባዶ ቅርፊት ነው። ወንበሮቹን ባሌ ነው ከጥርስ ሳሙና ቆርቆሮ የቆረጣቸው። መስኮቱ የታጠበ የራጅ ፊልም ነው። ያቺን አንቴና ታያለሽ? ፕላስቲኩን በሻማ እያሞቀ እንደ ክር ሳበው።»

«ይሄን ሁሉ ለምን ደከመ?»

«ኩማ የሄደበት አውሮፕላን ነዋ!»

ድርቤ ነገሩን በአጭሩ ተናገረችው፤ ረጅሙን ደጋግማ ለራሷ ስለተናገረችው ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጇ ኩማ በመንግሥት ይፈለግ ነበር። የአባቱ የልብ ጓደኛ ተረፋ በአውሮፕላን ማረፊያው ትኬት ቆራጭም ሁለገብ ሠራተኛም ነው። በሌላ ሰው ስም ትኬት ቆረጠለት። ስሙን የሚያውቁት አባት፣ እናትና ተረፋ ብቻ ነበሩ። ወላጆቹ ሰው እንዳይጠረጥር ሊሸኙት እንኳ አልሄዱም።

«አዲስ አበባ ሲወርድ ጠብቀው ያዙት። ያውም በውሸት ስሙ ጠርተው።»

«ማን ጠቆመ?»

«ተተኪው ጸሐፊ። ተረፋማ ያን ቀን እናቱን ሊያስታምም ጉቴ ሄዶ ነበር። ተረፋ፣ ተተኪው ልጄን በመልኩ አውቆት ነው አለን። ሰውየው ኋላ ሞተ። እኛም ሞቶም ሳንምረው ስንረግመው ኖርን።»

ሸዋጌጥ ጎንበስ ብላ አውሮፕላኑን አየች። ሣር በሚመስል ቀለም በተቀባ ጣውላ ላይ ቆሟል። ከኋለኛው በር አንዲት መሰላል ተንጠልጥላለች፤ ከክብሪት እንጨት ትበልጣለች አትበልጥም፣ ግን ሦስት ደረጃ አላት። ከበሩ ቀጥ ብላ ወርዳ ጣውላው ላይ ተጣብቃለች። የመሰላሏ እግር ሥር ሙጫው ፈሶ ተለውሷል። ሌላው የአውሮፕላኑ አካል ላይ የተረፈ ሙጫ ነጠብጣብ የለም።

«ሙጫ እንዴት ነበር የሚቀባው?»

«በመርፌ ጫፍ። ከለጠፈ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ እንዳልነካበት ይለምነኛል። መሰላሏን የሠራት አርብ ነው፤ ማረፊያው ድረስ ሄዶ ዋናውን ለክቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። ምን ሆንክ ስለው ‹እሑድ የሚያስረዳኝ ሰው ይመጣል› አለኝ።»

ሸዋጌጥ በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገችው። ሙጫው ለስላሳ ነበር። ከመሰላሏ እግር ወደ አውሮፕላኑ ጭራ በኩል፣ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ ሁለት የደረቁ የሙጫ ነጥቦች ታዩ። በካርቶኑ ውስጥ ከነበረው የአሠራር ወረቀት ጀርባ ደግሞ መምህሩ በእርሳስ መሰላሏን ስሏታል፤ ሥዕሉ ላይ ወደ ጭራው ዘንበል ብላለች።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ አራት የስፒል ቀዳዳዎች አየች። በመካከላቸው ያለው ቀለም ከሌላው ይነጣል።

«እዚህ ምን ነበር?»

ድርቤ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «የኩማ ፎቶ! ሊሳፈር ሲል የተነሣው! ጠዋት ነበረ!»

ረዲን በቀበሌው መጋዘን ጥግ ተቀምጦ አገኘችው።

«ደሙ የማን ነው?»

ጣቱን አሳያት። «ምላጭ ስፈታ ቆረጠኝ። ምላጭና ሙጫ አድርስልኝ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ዶሮ የማርደው እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ወለቴን ጠይቂያት፣ ትስቅብኛለች።»

«መምህሩ ምን ይሠራ ነበር?»

«ያንን አውሮፕላኑን እያየ ተቀምጧል። ቀልጄበት ነበር። ‹መምህር፣ መሰላልህ ጠጅ ጠጥታለች እንዴ፣ ጋደል ብላለች› ስለው፣ ሌላ ጊዜ የሚስቀው ሰውዬ አልሳቀም። ‹ከሁላችንም እውነት የተናገረችው እሷ ናት› አለኝ።» ረዲ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማክሰኞ ይወስዱኛል፣ አይደል? ለወለቴ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል በያት።»

«ራስህ ትነግራታለህ፤» አለች። ይህን ስትል ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ሰኞ ጠዋት ተረፋ ቤት ሄደች። ዓይኖቹ በልቅሶ ቀልተዋል።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት፤» አላት። «ከዋቅወያ ጋር ሠላሳ ዓመት።»

«ቤቱ የሄድከው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም። ሥራ፣ ስብሰባ... ጊዜው እንደምታይው ነው።»

«እሑድስ?»

«ራሴን አሞኝ ተኝቼ ዋልኩ።»

«ኩማ የተሳፈረ ቀን?»

ተረፋ አንገቱን ደፋ። «ጉቴ ነበርኩ። ብኖር ኖሮ ያ ልጅ አይያዝም ነበር።»

አመስግናው ወጣች። የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ስለ ሥዕሉም፣ ስለ ሙጫውም፣ ስለ ፎቶውም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለአዱኛም አልነገረችውም።

ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ኃይለጊዮርጊስ ሄደች። እሱ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ሁሉ ማረፊያው እየሄደ መንገደኛ ያነሣ ነበር፤ ኩማም ከፍሎ የተነሣውን ፎቶ ለእናቱ እንዲያደርስለት አደራ ብሎት ነበር። ፊልሙን ፈልጎ ያንኑ ፎቶ እስኪያጥብላት ድረስ ቆማ ጠበቀች። ወጣቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ይስቃል። ሸዋጌጥ ግን ብዙ ያየችው ከእግሩ በታች ያለውን ነው።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም አውሮፕላን ማረፊያው ሰበሰበቻቸው። ድርቤ ጥቁር ለብሳ መጣች። አዱኛ ረዲን እጁን አሳስሮ በሁለት አብዮት ጠባቂ መሀል አመጣው፤ ወለቴ ከኋላ ተከተለች።

«እዚህ ምን ልናደርግ ነው?» አለ አዱኛ ሰዓቱን እያየ። «ልትሸኚን ነው?»

«አውሮፕላን ልናይ ነው፤» አለችው።

አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ አረፈ። ተረፋ የብረቱን መሰላል እየጎተተ ሄደ። ከተሳፋሪው መሀል ድርቤንና እጁ የታሰረውን ረዲን ሲያይ ጥቂት ቆም አለ። ከዚያ መንጠቆውን በሩ ላይ ሰቀለና የመሰላሉን እግር ቀጥ አድርጎ ተከለው።

«ኦቦ ተረፋ!» ሲል ሻንጣ ተሸካሚው ባቻ ከጋሪው ላይ ጮኸ። «ዛሬ ምን ነክቶህ ነው? እኔ ከተቀጠርኩ ዓመት ሙሉ ቀጥ አድርጌ ባቆምኩ ቁጥር ‹ወደ ጭራው አዘንብለው፣ ሰው ለሞተሩ ልታበላ ነው?› እያልክ ስትሰድበኝ አልነበር? ዛሬ ስድቡን ለማን ልስጠው?»

አንዳንዱ ተሳፋሪ ሳቀ። ተረፋ አልሳቀም።

ሸዋጌጥ መምህሩ የሠራውን አውሮፕላን ከካርቶኑ አውጥታ የሻንጣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እሑድ አምስት ሰዓት ላይ፤» አለች፣ «ይቺ መሰላል ወደ ጭራው ያዘነበለች ነበረች። ረዲ አይቶ ቀልዶባታል። የመምህሩ ሥዕልም እንዲሁ ይላል፣ ጣውላው ላይ ያሉት የደረቁ የሙጫ ነጥቦችም እንዲሁ። ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ስደርስ ቀጥ ብላለች፤ ሙጫዋ ገና አልደረቀም። በመካከሉ መምህሩ ሞቷል። መምህሩ በመርፌ ጫፍ ነው የሚለጥፈው፤ ይሄን በጣቱ የለወሰው ሌላ ሰው ነው።»

«ረዲ ለውሶት ይሆናላ!» አለ አዱኛ።

«ረዲ ሰው ገድሎ ቁጭ ብሎ መሰላል ያቃናል? ለምን ብሎ? መሰላሏ ጋደለች ብሎ የሚጨነቀው ጋደል ማለቷ የሚያጋልጠው ሰው ብቻ ነው።» ፎቶውን አውጥታ ለአዱኛ ሰጠችው። «ገዳዩ ከግድግዳው የወሰደው ይሄን ነው። ኩማ የተሳፈረበት ቀን ነው። መሰላሉን እይ።»

አዱኛ አየ። መሰላሉ ወደ ጭራው አዘንብሏል።

«መምህሩ ይሄን ፎቶ ሁለት ዓመት አይቶታል፤ ያየው ግን ልጁን ነበር። አርብ ዕለት መሰላል ሊሠራ ፈልጎ እዚህ መጥቶ ለካ፤ ተረፋ እንዴት እንደሚያቆመው አየ። ቤቱ ሄዶ ፎቶውን ሲያይ ያው አቋቋም። ጉቴ ነበርኩ ያለው ጓደኛው እዚህ እንደነበር ያኔ ገባው። ሆኖም አልከሰሰም። ቤቱ ጠርቶ እንዲያስረዳው ጠየቀ።»

«መሰላል እኔ ብቻ ነኝ የማዘነብል?» አለ ተረፋ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ያ ተተኪስ አዘንብሎት ቢሆን?»

«ልክ ነህ። ስመጣ የፈራሁት ይሄንን ነበር። እንደ ወትሮህ አዘንብለህ ብታቆመው፣ ልማዴ ነው፣ የሌላውም ልማድ ነው ብትለኝ መልስ አልነበረኝም። አንተ ግን ዛሬ አቃናኸው።» ሸዋጌጥ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «መሰላል የሚባል ነገር ከዚህ ሞት ጋር እንደሚገናኝ ለማንም አልተናገርኩም። ለሊቀመንበሩም፣ ለአዴ ድርቤም። ከኔ ሌላ የሚያውቀው በጣቱ ያቃናው ሰው ብቻ ነው።»

የአውሮፕላኑ ሞተር ጠፍቶ ስለነበር የወለቴ ሕፃን ሲያስነጥስ ለሁሉም ተሰማ።

ተረፋ ወደ አዱኛ ዞረ። «ጓድ፣ ንገራት እንጂ! ስሙን የሰጠሁት ለናንተ ነው። ካልሰጠህ የአንተን ልጆች እንወስዳለን ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ! ዋቅወያ እሑድ ‹ለከተማው ሁሉ እናገራለሁ› አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝ... ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

አዱኛ ዙሪያውን ያለውን ሕዝብ አየ። ብዙ ዓይን እሱ ላይ ነበር።

«ቀበሌው ስም ተቀብሎ ይሆናል፤» አለ ቀስ ብሎ። «መምህር ግደል ብሎ ግን አላዘዘህም።» ለጠባቂዎቹ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ገመዱ ከረዲ እጅ ተፈትቶ በተረፋ እጅ ላይ ታሰረ። ወለቴ ባሏን በኮቱ ጫፍ ይዛ ከሰው መሀል ጎትታ አወጣችው። አንድም ጊዜ ዞር አላለችም፤ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብላ ፈርታ ነበር።

ድርቤ ሰዉን አልፋ መጣች። ተረፋ ፊት ቆመች። የኩማን የልደት ድግስ የበላ፣ ኩማ ሲያዝ አብሯት መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሁሉም ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ሲወጣ አጠገቡ ነበርክ ማለት ነው፤» አለችው። «ልጄ ምን አለህ?»

ተረፋ መሬቱን አየ።

«ተናገር እንጂ። እኔ አልነበርኩም፣ አንተ ነበርክ።»

«‹እናቴን አደራ› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት።»