ስናጎላው የሚጨምረው በር

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ካላመናችሁ ተዉት። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅበት ነበር።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ቦታው የአርክቴክቶች ቢሮ፣ አራተኛ ፎቅ።

የሕንፃ ፕላን የሚከፍት ሶፍትዌር ሠርቼላቸዋለሁ። ማጉያውን ዙሙንም፣ ፕላኑን የሚያንሸራትተውን ስክሮሉንም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የሰው ሥራ አላምንም።

በእናቴ ዕድሜ ያለች አንዲት አርክቴክት ግን ሳምንቱን ሙሉ እየደወለች አሰለቸችኝ።

ፕላኑን ሳጎላው በር ይጨምራል ትላለች።

በር ይጨምራል...

ሴትየዋ ኮምፒውተር አይገባትም ብዬ ለአለቃዋ ነገርኩት። በዚህ ቃሌ የተነሳ በኋላ ከሥራ አሰናበቷት። ያየሁትን አይቼም አልመሰከርኩላትም።

የዚያን ቀን የሄድኩት ላሳፍራት ነበር።

ፕላኑን ከፈተችው። የዚያው ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ የእሷን ሳይጨምር ስድስት በር፣ ጫፉ ላይ የእሷ ክፍል።

እንደ ሕፃን አስረዳኋት። ማጉላት ያለውን ማስፋት ነው፤ እርስዎ አራት እጥፍ ቢያጎሉት ስክሮሉም አራት እጥፍ ይረዝማል፣ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል አልኳት።

«አጉላውና ቁጠር» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አጎላሁት። አንድ... ሁለት... ስድስት።

ስክሮሉ አልቆመም።

ሰባት። የእሷ ክፍል ገና ሳይመጣ።

የስሌት ስህተት ነው ብዬ ሳቅኩ። ስህተት ቢሆን ግን ባዶ ነጭ ነበር የሚመጣው። ይሄኛው ልኬቱ ሳይቀር ተጽፎበታል።

በሉ ኑ፣ ወጥተን በዓይናችን እንየው አልኳት፣ እያፌዝኩ።

ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ስትሄድ ስድስት ነው» አለች በሹክሹክታ። «ስትመለስ አትቁጠር።»

ንቄያት ወጣሁ። ኮሪደሩ ብርሃን በብርሃን ነው። ከየክፍሉ ወሬ ይሰማል፣ የሆነ ቦታ ፕሪንተር ይንጣጣል። እስከ ዳር ሄድኩ።

ስድስት።

እንድትሰማኝ ብዬ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ተመለስኩ።

አራት... አምስት...

ፕሪንተሩ ዝም አለ።

ስድስት...

ወሬውም ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የእሷ ክፍል ነበር መምጣት ያለበት። ክፍት አድርጌው ነው የወጣሁት።

ፊቴ የቆመው የተዘጋ በር ነው።

የሠራችብኝ ቀልድ መሰለኝ። ተናድጄ እጀታውን ያዝኩት።

ሞቃት ነው። ሰው ገና አሁን የለቀቀው ያህል።

«ልቀቀው...»

ድምፁ የእሷ ነው። የመጣው ግን ከኋላዬ፣ ከባዶው ኮሪደር ነው።

ለቀቅኩት።

እጀታው ብቻውን፣ ቀስ እያለ... ወደ ታች መውረድ ጀመረ።