ያልታጠነ ውሃ

«አባባ፣ ይህን ብልቃጥ አጠኑት እንዴ?»

ሒክማ ብልቃጡን ከአፍንጫዋ ሳታርቅ ጠየቀች። አያቷ ኸሚስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጀሪካን በወይራ ጭስ ላይ ደፍተው ነበር።

«ታዲያስ! ገና በጠዋት አጥቤ፣ አጥኜ፣ ውሃውንም ሞልቼ አስቀመጥሁልሽ። ውስጡ የሆነ ጠብታ ቀርቶበት ነበር፤ ሴትዮዋ ሳታየው ቀርታ ይሆናል። ለእንግዳ የሚሰጥ ውሃ በቆሸሸ ዕቃ ይሰጣል?»

ሒክማ ክው አለች። ጠብታዋ ቆሻሻ አልነበረችም። ትናንት ኢንጂነር መሰለች ብልቃጡን ስትሰጣት፣ ውሃው ላብራቶሪ እስኪደርስ ሳይበላሽ የምታቆየው መድኃኒት ይህችው ጠብታ መሆኗን ነግራታለች። «ሰው ሳይቀዳ በማለዳ ተነሺ። መጀመሪያ ብዙ ባልዲ ቀድተሽ ድፊ፤ የቆመው ውሃ ይውጣ። ከዚያ ብልቃጡን ቀስ ብለሽ እስከ አፉ ሙዪው፤ አየር እንዳይቀርበት። ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ» ብላት ነበር። ሥራው ለሒክማ የተሰጠው የሳይንስ ክበብ አባል ስለሆነች ነው። አያቷ ናቸው ለኢንጂነሯ ያሞካሿት።

መሰለችና ባልደረቦቿ ከአጥሩ ማዶ፣ ከተዘጋ በቆየው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሰንብተዋል። መሬቱን በማሽን እየበሱ አፈሩንና የከርሰ ምድር ውሃውን ይመረምራሉ። ከመሬት ስር ተቀብረው የቀሩት ታንከሮች ሳያፈስሱ እንዳልቀሩ ተጠርጥሯል። ካፈሰሱ ደግሞ ነዳጁ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሒክማ ግቢ ካለው ጉድጓድ ነው።

ጉድጓዱ ተራ ጉድጓድ አልነበረም። ሴት አያቷ ሐጀራ ሲሞቱ፣ ኸሚስ ለነፍሳቸው ሰደቃ ብለው ያስቆፈሩት ነው። ቃሊቲ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል። አንዱ ቀድቶ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ሌላው «አላህ ይዘንላቸው» ይላል፤ ይህን ሲሰሙ የኸሚስ ፊት ይበራል። ሒክማ ያንን ፊት ከምንም በላይ ትወደዋለች። ጉድጓዱ ተበክሏል ከተባለ ይዘጋል፤ እሷን ያስጨነቃትም ይኸው ነበር።

የአብስራ ጀሪካኑን እያንኳኳ ገባ። ጎረቤቷና የክፍሏ ልጅ ነው። ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ነገረችው።

«አታካብጂ ባክሽ! አባባ በቅንነት ያደረጉት ነው። ላሽ በይውና ስጫት።»

«ጭሱ እኮ ምርመራውን ያበላሸዋል።»

«ያበላሸዋ! ምንም አልተገኘም ቢባል ማን ይጎዳል? ከተዘጋ ግን አባባ ምን ይሆናሉ? እኛስ? ቦኖው እኮ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው።»

ሒክማም ልቧ ውስጥ ይህንኑ ስትል ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዓይኗ ጀሪካኑ ላይ አረፈ።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለሉላ። እማዬ ወተቷን የምትበጠብጥበት...» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አቆመ። ሉላ ገና ጥርስ የምታወጣ ታናሽ እህቱ ናት። ትናንት የሒክማን ጣት ነክሳ ስትስቅ ነበር።

ሒክማ የትምህርት ቤት ኮዳዋን አመጣች። ባልዲውንም አያቷ ስለሚያጥኑት እሱን አልነካችውም። ኮዳዋን በገመድ አስራ ወደ ጉድጓዱ ሰደደችና ሞልታ አወጣችው። ለአያቷ አቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ይህ አልታጠነም። እስኪ ያሽትቱት።»

ኸሚስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዳጅ ቦቴ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኮዳውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አንዴ አሸተቱ፣ ደገሙ። ከዚያ ኮዳውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«ይህን ሽታ እኔ ልስተው?» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ዘንድሮ ውሃው ሌላ ሌላ ሲሸተኝ፣ አፈሩ ነው እያልሁ ወይራ ስጨምር ከረምሁ። እዚያው ማደያ እኮ እኔም ነዳጅ አራግፌያለሁ። የሐጀራን ሰደቃ በገዛ እጄ...»

«አንቱ አላፈሰሱትም፣ አባባ! ያፈሰሰው ታንከሩ ነው።» ሒክማ እንባዋ መጣ። ያንን የሚበራ ፊት በገዛ እጇ ያጠፋች መሰላት።

የውጭው በር ተንኳኳ። መሰለች በረዶ የተሞላ ሳጥኗን አንግታ ገባች። ሒክማ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ብልቃጡን ዘረጋችላት።

«ይህ አይሆንም። ታጥቧል፤ ታጥኗልም።»

መሰለች አሸተተችውና ሳቋ አመለጣት። «ብዙ የተበላሸ ናሙና አይቻለሁ፤ በወይራ የታጠነ ግን ገና ዛሬ!» ኸሚስም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ።

«ነዳጅ ካለበት ጉድጓዱ ይዘጋል አይደል?» አለች ሒክማ።

«ለጊዜው አዎ፤ መዋሸት አልፈልግም። ግን ለዘላለም አይደለም። ነዳጅ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በፓምፕ ይሳባል። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይጸዳል። ከየት እንደሚመጣ እንድናውቅ ግን ትክክለኛውን ውሃ ስጡኝ።»

መሰለች አዲስ ብልቃጥና ያልታጠነ መቅጃ አወጣች። ኸሚስ ከበርጩማቸው ተነሱ። «ገመዱን እኔ ልሳብ» አሉ። እሳቸው እየሳቡ ደፉ፤ ደጋግመው ደፉ። በመጨረሻ ሒክማ ብልቃጡን ቀስ ብላ እስከ አፉ ሞላችው፣ ከደነችው፣ ገልብጣም አየችው። አንድም የአየር አረፋ እንኳ አልነበረበትም።

መሰለች ስትሄድ ኸሚስ የጉድጓዱን ክዳን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሩና የእጅ ጋሪውን እየገፉ ተመለሱ።

«የአብስራ፣ በየቤቱ ዙርና ባዶ ጀሪካን ያለው ያምጣ በል። ቦኖው ድረስ እኔ እነዳለሁ። ሐጀራ ሰው ጠምቶት ስታይ አትወድም ነበር።»

የአብስራ እየሮጠ ወጣ። ሒክማ የወይራው ፍም ላይ ውሃ ረጨችበት፤ ከዚያ የሉላን ጀሪካን አንስታ ከሁሉ በፊት ጋሪው ላይ ጫነችው።