ስምንተኛው ንብርብር

«‹ይታረም› አለኝ እኮ!» እፀገነት ስልኳን በእትዬ ዘሀቢያ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። «ሳምንት ሙሉ አጎንብሼ የሳልሁትን አይቶ፣ የመለሰልኝ አንዲት ቃል። ይታረም!»

ከጎን ባለው ሱቅ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ የሚሸጡት እትዬ ዘሀቢያ የመጡት መቀስ ለመዋስ ነበር። ስልኩን ራቅ አድርገው አነበቡት።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳል? አረም ከበዛ ይታረማል። አባትሽስ ሰሊጡን ክረምቱን ሙሉ ሲያሳርም የከረመው ለዚሁ አይደል?»

«እኔ ሰሊጥ ነኝ?»

«የለም፤ ሰሊጥማ ዝም ይላል።»

እፀገነት አልሳቀችም። የሳቅ ቀን አልነበረም።

በገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለች ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። የሱቅ ስምና የሠርግ ባነር ታወጣለች፤ እጇ ሲያርፍ ደግሞ በተሰነጠቀ ታብሌት ትስላለች። የምትስለው ያንኑ መናኸሪያ ነው። ባጃጁን፣ የሰሊጥ ጆንያውን፣ ማጭዳቸውን በብብታቸው ይዘው ከደጋ የወረዱትን የቀን ሠራተኞች፣ ቢጫ ጀሪካኑን፣ እርስ በርሱ የተተበተበውን የመብራት ሽቦ፣ ሚዛን ላይ የተኛችውን ፍየል። አንዲት ነገር አትጥልም። «ትንሽ ቀንሺለት እንጂ፤ ዐይን የሚያርፍበት ይጣ?» ሲሏት፣ «ገንዳ ውሃ ላይ ዐይን የሚያርፍበት ካገኙ ያሳዩኝና እሱን እስላለሁ» ትላለች።

የሚገድባት ታብሌቱ ብቻ ነበር። በነጻ ያገኘችው የስዕል ፕሮግራም ከስምንት ንብርብር በላይ አይሸከምም። ንብርብር ማለት አንዱ ባንዱ ላይ እንደተነጠፈ መስታወት ነው። ባንዱ ሰማዩ፣ ባንዱ ቤቶቹ፣ ባንዱ የሁሉም ጥላ ይሳላል፤ አንዱን ቢያነሱት ሌላው አይነካም። እፀገነት ያን ሁሉ ግርግር በሰባቱ አጭቃ፣ ስምንተኛውን ለአንድ ሰው ብቻ ትታው ነበር።

ሰውዬው ሰማኸኝ ነው። የሽንፋ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር፣ ጎጃሜ፣ ጠርዙ የተነጨ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ከራሱ የማይለይ። አምና የትምህርት ቤቱን ባነር ሊያሠራ መጥቶ ሦስት ጊዜ ፊደል አስቀየራት። በአራተኛው ቀን የሚቀየር ፊደል አጥቶ ዝም ብሎ ቆመ። እሷም ሂድ አላለችውም። ከዚያ ወዲህ ሽንፋ ባነር አበዛች።

ባለፈው ሳምንት ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ወደ ገለጉ ተዛውሯል፤ በሳምንቱ ይሄዳል። መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ አንዴ ከገቡ መውጣቱ፣ መደወሉም፣ እንደ ዕድል ነው።

«ሳልሄድ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?» አላት፣ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቱ እየነጨ።

እፀገነት ታብሌቱን ወደ ደረቷ ሳበች። «መልሱን ስዕሌ ውስጥ ፈልገው» አለችው።

ስዕሉን ዛሬ ጠዋት ላከችለት። በማተሚያ ቤቱ በራፍ ላይ እሷ ቆማለች፤ ከጎኗ እሱ፣ ከነባርኔጣው። ከዚያ ስልኩን ስታይ፣ ስታስቀምጥ፣ ደግሞ ስታነሳ አረፈደች። የመጣው ያ ቃል ነው። ይታረም። ከጎንሽ ንቀይኝ ማለቱ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

«እሺ፣ ይታረም!» ብላ ስምንተኛውን ንብርብር ሰረዘችው። እጇ ግን አላርፍ አላት። ጀሪካኑን አንድ በአንድ፣ ሽቦውን ክር በክር፣ ፍየሏን ሳይቀር ስትነቅል ቆየች። ልቧ ሲመለስ ወደኋላ መመለሻውን ነካች። ፕሮግራሙ የሚመልሰው ሃያ እርምጃ ብቻ ነው። ፍየሏ ተመለሰች። ሽቦው ተመለሰ። ጀሪካኑ ተመለሰ። ሰማኸኝ ጋ ሳይደርስ ሃያው አለቀ።

ስዕሉ በራፍ ላይ ለናሙና እንዲሰቀል የታዘዘ ነበርና፣ እንባዋን ጠርጋ በትልቁ ባነር አተመችው።

«አሁንስ መምህሩ ይመጣል ወይስ በዚያው ይሄዳል?» ብለው እትዬ ዘሀቢያ ሳይጨርሱ፣ የገለጉው መኪና ክላክስ አሰማ። ሰማኸኝ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ሰላም እንኳ ሳይል ባነሩ ፊት ቆመ።

«ስልኬ ላይ ደቅቆብኝ ነው። በትልቁ ልየው ብዬ መጣሁ።»

ጣቱን በስዕሉ ላይ እያስኬደ ፈለገ። ከጆንያው ኋላ፣ ከባጃጁ ውስጥ፣ ከሠራተኞቹ መሃል። ጣቱ በየደረሰበት የእፀገነት ዐይን አብሮ ይቆማል።

«የለሁም» አለ ቀስ ብሎ። «ፍየል እንኳ አለች። እኔ የለሁም።»

«ይታረም ያልኸው አንተ ነህ!»

«‹ሽፋን›ን ነዋ!»

«የምን ሽፋን?»

«አውቶቡሱ ግንባር ላይ ሽንፋ ማለት ሲገባሽ ሽፋን ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ ሁሉ ትርምስ የተነበበችኝ እሷ ብቻ ናት። ደብተር ላይ እንደምጽፈው ጻፍሁልሽ።»

«ያ ረቢ!» አሉ እትዬ ዘሀቢያ። «መምህር፣ ቆላ ውስጥ ይታረም ከተባለ ይነቀላል!»

«ነቀልሁህ» አለች እፀገነት፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ክላክሱ ደገመ። ሰማኸኝ ግን ከባነሩ አልተነሳም፤ ጣቱ በራፉ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

«እፀገነት፣ ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው ሁለት ጥላ ያላት?»

ቀና ብላ አየች። እውነቱን ነው። ጥላዎቹ በሌላ ንብርብር ነበሩ፤ ለማረም ስትቸኩል ረስታቸዋለች። አንዱ ጥላ የራሷ ነው። ሁለተኛው ጠርዙ የተነጨ ሰፊ ባርኔጣ አድርጓል።

ስልኩን ከእጁ ተቀብላ የጠዋቱን ስዕል በሁለት ጣቷ ዘረጋችው፣ ዘረጋችው፣ መስመሩ እስኪሸራረፍ። ከበራፉ፣ ከእሷ ጎን፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ባርኔጣ ብቅ አለች።

ሰማኸኝ ስልኩን ወደ ዐይኑ አስጠጋው።

«ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሃል ነው የደበቅሽኝ?»

«አልደበቅሁህም። እኔ የምኖረው እዚህ መሃል ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ማንም ይስልሃል፤ ሜዳው ሰፊ ነው። እኔ ያለኝ ስምንት ነው። ከስምንቱ አንዱን ሙሉውን ሰጠሁህ።»

ሰማኸኝ ጆሮው ቀላ። ሹፌሩ ሦስተኛውን ክላክስ ሳያቋርጥ ያዘው።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ» አለና በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። ድምፁ ፈራ። «ስምንተኛው አሁን ባዶ ነው፣ አይደል? ብመለስበት… ይበቃኛል?»

እፀገነት የታብሌቱን ብዕር አነሳች። ከጭቃው እስከ ባርኔጣው ለካችው።

«ባርኔጣህን ካወለቅህ።»