የመጨረሻውን ገጽ ማን ገለጠው

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዓይን የታየ፣ በጆሮ የተሰማ፣ ጥርጥር የሌለበት እውነት ነው፤ አንዲት የተጋነነች ቃል ብትገኝበት የጻፋት እጅ ይስለል።

ጋሽ እንግዳ የሞቱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ኢየሩሳሌም ትንፋሿን ዋጠች። ከኢትዮጵያ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጀርባ ባለች የድንጋይ ምድር ቤት ውስጥ የንባብ ማኅበሩ ይገኛል። በምድር ላይ እንደሱ ያለ ቤተ መጻሕፍት የለም፤ መደርደሪያው ግን አራት ነው።

ጋሽ እንግዳ በየማክሰኞው እዚያ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። አንባቢ ይመጣል፣ የልቡን ይናገራል፣ እሳቸው መጽሐፍ ያዙለታል። ወንድሙን ሱዳን በረሃ ቀብሮ ለመጣ ሽማግሌ፣ ታሪክ በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ዓለም ምን ትመስል እንደነበር የሚተርክ ልቦለድ ሰጥተውት፣ «ያልሆነውን አንብበው፤ የሆነው ይቀልልሃል» አሉት። ዘጠኝ መቶ ዓመት በጠፈር ስለምትጓዝ መርከብ የተጻፈውን ደግሞ ለእናቶች ይመክሩ ነበር። የተነሡት ሳይደርሱ የልጅ ልጆች የሚጨርሱት ጉዞ ለእነሱ ምን እንግዳ ነገር አለው?

ይርዳው ከጎናቸው በርጩማ ላይ ሰባት ዓመት ተቀምጧል። ጋሽ እንግዳ ሲያልፉ ወንበሩ ወይ ለእሱ ወይ ለዳኜ እንደሚሆን ማኅበሩ ሁሉ ያውቃል። ዳኜ ወደ ቂርያት መናሔም የሚሄደውን አውቶቡስ የሚነዳ ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ማኅበሩን ከተቀላቀለ ገና ሁለት ዓመቱ፤ አንባቢ ግን እንደ ንብ ይከበዋል። ይርዳው ቅናት የሚባል ነገር አያውቅም። የዳኜን አንባቢዎች በየሳምንቱ የሚቆጥረው አእምሮውን ለማፍታታት ነው።

መርማሪነቱማ አይነሣ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ፈትሿል፤ በዚህች ከተማ እሱ ሆዱን ያላየው ቦርሳ የለም።

በዚያች ማክሰኞ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። ጋሽ እንግዳ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ተከድኗል፤ ጭናቸው ላይ ያ የጠፈር መርከብ መጽሐፍ ተገልጧል። ይርዳው አንድ ጊዜ ቃኘ፤ ሌላ ሰው ዓመት የሚፈጅበትን እሱ በጥቅሻ ጨረሰው። መነጽራቸው ታጥፎ በደረት ኪሳቸው ነው። መጽሐፉ የተገለጠው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። የልብ ኪኒናቸው ብልቃጥ ደግሞ ከመደርደሪያው ላይኛ ጫፍ ላይ ተሰቅሏል።

የጋሽ እንግዳ ባለቤት አልማዝ አንድ መነኩሴ አስከትለው ከኋላው ገቡ።

«እትዬ አልማዝ፣ እርስዎ ውጭ ይቀመጡ» አለ ይርዳው። «ምርመራ ላይ ነኝ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«በኋላ፣ በኋላ።»

የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው «ልብ ነው» ብለው ሄዱ። ልብ መሆኑንማ ማን አጣው? ጥያቄው ልቡን ማን አቆመው ነው።

ሰባቱ የሐዘን ቀናት እስኪያልፉ ይርዳው ዓይኑን አልከደነም። መጀመሪያ ፕኒናን ያዘ፤ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ አንባቢዎቿን ጋሽ እንግዳ ወስደውባታል።

«ትቀኚባቸው ነበር?»

«እቀና ነበር። ቅናቱ ሲሰለቸኝ ልጄን አጋምን ይዤ እየመጣሁ እኔም ተራ ያዝሁ።»

«መጽሐፍ ሲጨርሱ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሳቸው? የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብበው አያውቁም እኮ። መጨረሻውን ያወቀ ሰው ሲመክር ዓይኑ ያሳብቅበታል ይሉ ነበር።»

ይርዳው ይህን በደብተሩ ላይ አሰፈረና ሊራንን ፍለጋ ወጣ። ሊራን ወታደር ነው፤ ራሱ የጻፈውን ልቦለድ ጋሽ እንግዳ ለማንም አልመክርም ብለውታል። ጊሎ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘው።

«ቂም ይዘህ ነበር?»

«ቤሴደር፣ እሺ፣ ተናደድሁ። ግን ልክ ነበሩ። ሮቦቱ ብዙ ያለቅሳል።»

«ማክሰኞ የት ነበርህ?»

«ጦር ሰፈር። ለሰንበት ብቻ ነው የሚለቁኝ።»

ዳኜን ያገኘው አውቶቡሱ ውስጥ ነው፤ ተሳፋሪ ገና አልገባም።

«አንተ መጽሐፍ ከየት ነው የምትጀምር?»

«ከመጨረሻው» አለ ዳኜ። «የት እንደሚያደርስ ሳላውቅ ሰው አላሳፍርም።»

«ጋሽ እንግዳ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ይስቁብኝ ነበር። አንተስ ይርዳው፣ ከየት ትጀምራለህ? ከጀርባው ሽፋን?»

ይርዳው ስድቡን በሰፊ ልብ አለፈው፤ ደብተሩ ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ ጻፈው።

በስምንተኛው ቀን ሁሉንም ሰበሰበ። ምድር ቤቷ በሕዝብ ተጨናነቀች፤ ፕኒና፣ ለዕለቱ ፈቃድ ለምኖ የመጣው ሊራን፣ ዳኜ፣ በሩ ሥር ደግሞ አልማዝ። ይርዳው ባዶውን ወንበር ከኋላው አድርጎ ቆመ።

«አንድ» አለ። «መነጽሩ ኪስ ውስጥ ነው። ጋሽ እንግዳ ያለ መነጽር አውራ ጣታቸውንም አያዩም። ስለዚህ እያነበቡ አልነበረም፤ መጽሐፉን የገለጠው ሌላ እጅ ነው።»

ሊራን ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለት። የተገለጠው መጨረሻው ገጽ ነው፤ ጋሽ እንግዳ በሕይወታቸው ያልረገጡት አገር። ከመጨረሻው የሚጀምር ሰው ግን እጁ ሳያስበው ወደዚያ ይሄዳል።»

ዳኜ ቀና አለ።

«ሦስት። ኪኒናውን እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ነው ያወረድሁት። ከመካከላችን ሳይንጠራራ እዚያ የሚደርስ ማን ነው?»

«ይርዳው፣ ተው» አለች ፕኒና።

«አልተውም። ወንበሩን የፈለገ ሰው ብልቃጡን አራቀ፤ ሽማግሌው እስኪያልፉ ጠበቀ፤ ሲያነቡ የሞቱ እንዲመስል መጽሐፍ ዘረጋላቸው። የገደላቸው ቅናት ነው። ነገ ፖሊስ ዘንድ እሄዳለሁ።»

የዳኜ ፊት ዐመድ መሰለ። «ፖሊስ ከገባበት መሪውን ይቀሙኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት ልጅ አለኝ፣ ይርዳው።»

አልማዝ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ።

«ብልቃጡን የሰቀልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ትንሿ አጋም ከረሜላ መስሏት ልትከፍተው ነበር። በርጩማህ ላይ ወጥቼ ሰቀልሁት።»

«እትዬ...»

«መጽሐፉንም የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸው ፊደል አይለይም፤ መነጽሩን የሚይዙት ለሰው ፊት ነው። በዚያን ዕለት ደረታቸውን ያዙ። ኪኒናውን አውርጄ ከምላሳቸው ሥር አደረግሁ፤ ልማድ ሆኖ መልሼ ሰቀልሁት። አልሻላቸውም። ‹ዛሬስ መጨረሻውን አንብቢልኝ› አሉኝ። አነበብሁ። ‹ደረሱ?› አሉኝ። ‹ደረሱ› አልኋቸው። ዓይናቸውን ከድኜ ሰው ልጠራ ወጣሁ፤ ስመለስ አንተ ቆመሃል።»

«ታዲያ ስምንት ቀን ሙሉ ለምን አልተናገሩም?»

«ውጭ ይቀመጡ አልኸኝ፤ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም» አሉ አልማዝ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ወንበሩን ለዳኜ ስጪው ብለውኛል። አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው አፌን የያዝሁ።»