አራት ፌሮ ብቻ

መጀመሪያ የተያዩት በደም ነው።

እሷ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ናት። እሱ ደግሞ የላብራቶሪው ሠራተኛ ነው። ተማሪዎች የሚያመጡለትን የአርማታ ኪዩብ በማሽን ጨምቆ ያፈርሳል፣ ስንት ጫና እንደቻለ ይጽፋል፣ ስባሪውን በጋሪ ይጥላል። ከጠዋት እስከ ማታ ሲያፈርስ ስለሚውል «ጨፍላቂው» ይሉታል። እሷን ደግሞ «ስታፋ» ይሏታል። ስታፋ ማለት ወፍራሞቹን የአርማታ ብረቶች፣ ፌሮዎቹን፣ ዙሪያቸውን አቅፎ እንዳይፈናጠሩ የሚይዘው ቀጭኑ የብረት ቀለበት ነው። ልጅቷም ቀጭን ናት፣ የያዘችውንም አትለቅም።

የዚያን ዕለት ከሽቦ መከለያው ጀርባ እንድትቆም ነግሯት ነበር። እሷ ግን ኪዩቧ ሲሰነጠቅ በዐይኔ ካላየሁ ብላ አንገቷን አስግጋ ገባች። ኪዩቡ ቀስ ብሎ አልተሰነጠቀም፤ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። አውራ ጣት የሚያህል ስባሪ ግንባሯን ተረተረው።

«ቁሚ ስትባይ አትቆሚም?» ብሎ ጮኸባት። እየጮኸ ሸሚዙን አውልቆ ግንባሯ ላይ ይጫን ነበር።

«ስንት ቻለ?» አለችው፣ ደሙ በቅንድቧ ላይ እየወረደ።

«ምኑ?»

«ኪዩቡ ነዋ።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ዐይኗ ጨለመና ክንዱ ላይ ወደቀች። እንዲህ ያለ ትውውቅ ለጠላትም አይስጥ።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ፋሻውን አየ። ወንድሟ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። እናታቸው ስትሞት እሷ ዘጠኝ፣ እሱ ሃያ ዓመታቸው ነበር። አሳድጓታል። ከራሱ አፍ ነጥቆ አብልቷታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን እጁ አያርፍም። ያያትን ወንድ ይመታል፣ ስላያት ደግሞ እሷን ይመታል። ሲበርድለት ያለቅሳል። ሁልጊዜም አንድ ቃል አለው፤ «ለአንቺው ብዬ ነው» ይላል።

የዚያን ማታም ማን መታሽ ብሎ ጠየቃት። ማሽን ነው አለችው። ማሽን እጅ የለውም ብሎ ጫማውን አጠለቀ፣ እሷ ግን በሩ ላይ ተጋርዳ አስቀረችው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ላብራቶሪው ድረስ ሄዶ፣ ደህና አደርክ ሳይል፣ ጨፍላቂውን በቡጢ ነረተው። ሁለት የፊት ጥርሱን አወለቀለት። ሲወድቅም በእግሩ ጎኑን ረገጠው። ጨፍላቂው እንኳን ሰው በሬ የሚጥል ክንድ አለው፤ ግን አንዴ እንኳ አልመለሰለትም።

በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልትጠይቀው ሄደች። አፉ አብጦ ኪዩብ እየደረደረ አገኘችው።

«ለምን አልመታኸውም?» አለችው።

«ቀኑን ሙሉ ሳፈርስ ነው የምውለው። ሰው ደግሞ ልጨምርበት?»

በዚያች ቃል ወደደችው። ምን ታድርግ፤ እጁን የማይሰነዝር ጠንካራ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ በኋላ ፌሮ ልቆርጥ ነው፣ አሸዋ ልነፋ ነው፣ ሚዛን ልዋስ ነው እያለች ምክንያት አጥታ አታውቅም። እሱም ብርቱካን ልጦ በግንባታ ንድፏ ጠርዝ ላይ ያስቀምጥላታል፤ ንድፉን አጨማለቅከው ብላ ትቆጣዋለች፤ ብርቱካኑን ግን ትበላለች።

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ አብረው ሲሄዱ ወንድሟ ከሱቁ ጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ ወጣ። ብረቱ ለጨፍላቂው የተሰነዘረ ነበር፣ እሷ መሐል ገባች። የትከሻዋ አጥንት ሲሰነጠቅ ሦስቱም ድምፁን ሰሙት።

ሐኪም ቤት ወንድሟ እግሯ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። ለአንቺው ብዬ ነው አላት። እሷ አላለቀሰችም።

«ጋሼ፣ የተማሪዎቹን ውድድር ካሸነፍኩ ትለቀኛለህ» አለችው። «ከተሸነፍኩ ጎማ ቤትህ ገብቼ እሠራለሁ፣ እሱንም አላየውም። በእናታችን አጥንት ማልልኝ።»

ማለላት።

ውድድሩ ይኼ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከጉልበት የማይበልጥ የአርማታ ቤት ይሠራል፤ ምሰሶና ጣራ ብቻ ያለው። ከጣራው ሥር የሻይ ብርጭቆ ይቀመጣል። ከዚያ ሠላሳ ኪሎ የብረት ድብልብል ከላይ ይለቀቅበታል፤ መጀመሪያ ከአንድ ሜትር፣ ቀጥሎ ከሁለት፣ ከዚያ ከሦስት። አርማታው ቢሰነጠቅ ግድ የለም፣ ብርጭቆው ግን መትረፍ አለበት። አሸናፊውን የድልድይ ሥራ ድርጅት ይወስደዋል። የሥራው ቦታ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል፣ ማደሪያ ክፍልም አለው። ለስታፋ ከዋንጫው ሁሉ የሚበልጠው ያ ክፍል ነበር፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው ብለዋታል።

ማንም በሲሚንቶ እንዳያጭበረብር፣ ተማሪው ብረቱን ብቻ አስሮ ያስረክባል። ካሳፎርማ በሚሉት የጣውላ ሣጥን ውስጥ ከቶ አርማታውን የሚሞላው ላብራቶሪው ነው። ላብራቶሪው ደግሞ ጨፍላቂው ነው።

በአንድ እጇ፣ ሌላው በፋሻ ተንጠልጥሎ፣ ብረቱን አሰረች። በእያንዳንዱ ምሰሶ አራት ቀጫጭን ፌሮ፣ መጋጠሚያው ላይ ደግሞ ስታፋ በስታፋ። ስትሰጠውም አስጠነቀቀችው። አርማታ ብረት ሲበዛበት ደንቆሮ ይሆናል፤ አይሰነጠቅም፣ አያስጠነቅቅም፣ በድንገት ይፈነዳል። የኔ ግን ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል፣ ምቱን ውጦ ብርጭቆውን ያተርፋል አለችው።

«አራት ፌሮ ብቻ። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«እሺ» አላት።

አርማታው ሃያ ስምንት ቀን ውኃ እየጠጣ ከረመ።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ወንድሟ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፣ ክንዱን አጣምሮ። ድብልብሉ በወረደ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የአንዱ ልጅ ቤት በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተከፈለ። የሌላው በሁለተኛው ደቀቀ፤ የብርጭቆው ስባሪ ዳኞቹ ጠረጴዛ ድረስ ተረጨ። ሰዉ ደም እንዳየ ሰው እየጮኸ «ድገሙ!» ይላል። ሲፈርስ ማየት ለምን እንደሚጥመን እንጃ።

የስታፋ ተራ ደረሰ። ድብልብሉ ከአንድ ሜትር ወረደ። ቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ አልታየበትም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድሟ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

እሷ ፊቷ አመድ መሰለ። ዐይኗ ጨፍላቂውን ፈለገ። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

ድብልብሉ ከሁለት ሜትር ሲወርድ ቤቱ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ኪዩብ ፈነዳ። አራቱም ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ተሰበሩ። ብርጭቆው ዱቄት ሆነ። አንድ ስባሪ የወንድሟን ጉንጭ ቀደደው፣ እሱ ግን ደሙን በመዳፉ ጠርጎ ፈገግ አለ። እህቱ ቤት ልትመለስለት ነው።

ስታፋ መዶሻ አነሳች፤ በደህናው እጇ፣ ከምሰሶዎቹ የአንዱን ስባሪ እስከ አጥንቱ ቀጠቀጠችው። አቧራው ሲቀመጥ ፌሮዎቹ ተገልጠው ታዩ። ስምንት ነበሩ።

«አራት ፌሮ ብቻ ብዬህ ነበር» አለችው።

«እንዳትወድቂ ብዬ ነው... ከዚያ ቤት እንድትወጪልኝ። ያቺ ትከሻሽ ስትሰበር ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ቢጠነክር ይሻላል ብዬ...»

«ጠየቅከኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ለምን?»

«እምቢ እንደምትይ አውቅ ነበራ።»

ልኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች ይላሉ። ደሟ ፈላ። መዶሻውን ጣለች፣ ጨበጠች፣ ከሥር ወደ ላይ አገጩን በቡጢ አለችው። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ እጁን እንኳ ወደ ፊቱ አላነሳም።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለ፣ በደም በተሞላ አፉ።

ከኋላዋ ጭብጨባ ሰማች። ወንድሟ ነበር፤ ከልቡ እየሳቀ። «ይኼ ነው የኔ እህት!» አለ። «እጇን አያችሁት? የኔን እጅ እኮ ነው!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ስታፋ የተላጠ ጉልጥምቷን አየችው። እውነትም አጨባበጡ የእሱ ነበር። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ ስለ ውድድሩ አልነበረም።

ጨፍላቂው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ዳኞቹ ሄደና ያደረገውን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ከሥራው እንደሚባረር እያወቀ ነው የተናገረው። ዳኞቹ ተመካከሩ። የፈረሰ ፈርሷል፣ ዋንጫው ለሌላ ይሰጣል አሉ።

ከዳኞቹ አንዷ የድልድዩ ዋና መሐንዲስ ነበረች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው ሴትዮ። ስታፋን ወደ ግድግዳው ወሰደቻት።

«በመጀመሪያው ምት ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንቺ ብቻ ገረጣሽ። ምን አየሽ?»

«ምንም ስላላየሁ ነው የደነገጥኩት እትዬ። መሰንጠቅ ነበረበት። ካልተሰነጠቀ የማላውቀው ነገር ውስጡ አለ ማለት ነው።»

ሴትዮዋ ፋሻውንም፣ የተላጠውን ጉልጥምትም፣ ደም የነካውን ወንድምም በየተራ አየች። «ለድልድይ የሚያጨበጭብ ሞልቶኛል» አለች። «ሳይወድቅ በፊት የሚገረጣ ነው ያጣሁት። መኪናዬ ውጪ ቆሟል። ዛሬ ትመጪያለሽ?»

ወንድሟ በሩ ላይ ጠበቃት። ተሸንፈሻል፣ መሐላ መሐላ ነው አላት።

«ልክ ነህ፣ ተሸንፌያለሁ» አለችው። «ግን አልመጣም። ብትመታኝም እሄዳለሁ፣ ባትመታኝም እሄዳለሁ ጋሼ።»

እጁ ቀደመው። ጥፊው ሲያርፍባት ተሽከርክራ ደረጃው ላይ ወደቀች። ጨፍላቂው እንደ ቆሰለ በሬ እያጓራ መጣ፤ ጨብጧል።

«እንዳትነካው!» አለችው ከወደቀችበት።

ቆመ። የጨበጠውን እጁን ፈታ። ስታፋ ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ በሁለቱ ወንዶች መሐል አልፋ መኪናው ውስጥ ገባች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ብትዞር ኖሮ የምትወርድ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኳ ጠራ። ጨፍላቂው ነው፤ ከላብራቶሪው ተባርሮ ብሎኬት ማምረቻ ገብቷል።

«ልምጣ?» አላት።

«አትምጣ።»

«እሺ» አለና ዘጋው።

የሰው ልብ ጉደኛ ነው። አትምጣ ብላ ስታበቃ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትውል ጀመር። የመጣው ወንድሟ ነው። በመጀመሪያ ብረቱን ይዞ መጣ፤ ዘበኞቹ ገፍትረው መለሱት። በሁለተኛው ባዶ እጁን መጥቶ ልብሶቿን በፌስታል በሩ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሦስተኛ አልመጣም።

ጨፍላቂው ግን ጨርሶ አልመጣም። ቢወደኝ ይመጣ ነበር ብላ ስንት ቀን ተንገበገበች! አንድ ረፋድ፣ ከወንዙ በላይ ፌሮ እየቆጠረች ሳለ፣ ነገሩ ገባት። በዕድሜዋ ሙሉ እምቢ ስትል እምቢታዋን ባስቀመጠችበት የተወላት ሰው እሱ ብቻ ነው። መወጣጫው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሠራተኞቹ አላየንም ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በአምስተኛው ወር ራሷ ደወለች።

«ከንፈርህ ዳነ?»

«ጠባሳ አለው።»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት። ይቅር በለኝ። ሁለተኛ እጄን ካነሳሁብህ ጥለኸኝ ሂድ።»

«እኔም ሳልጠይቅሽ አንድ ነገር ካደረግኩ...»

«ጥዬህ እሄዳለሁ። አትጠራጠር።»

«እሺ» አለ። ትንፋሹ ይሰማታል። «ታዲያ... ልምጣ?»

«ና።»

ቅዳሜ መጣ። እሷ ከአውቶቡሱ አንድ ሰዓት ቀድማ፣ በጭቃ ጫማዋ፣ ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር። ሻንጣውን አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቀጥ አለ። ጎዶሎው ጥርሱም፣ የከንፈሩ ጠባሳም ይታያሉ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶታል።

«ልቀፍሽ?» አላት።

ሹፌሩ ሰምቶ ሳቀ፤ ተሳፋሪዎቹም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አዎ» አለችው።