አስማተኛውና አሜን ባዮቹ

እታለም አንለይን መጀመሪያ ያየችው ቀን ሮጣ ነው ያመለጠችው። በጠራራ ፀሐይ ከሰፈራ መንደሩ መጋዘን ጀርባ የቃጫ ጢም አድርጎ፣ ዱላውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ብቻውን ይለፈልፋል።

«አብሽሪ እህቴ፣ ቲያትር ነው! የተሰደደ አስማተኛ ሆኜ ልጫወት ነው» እያለ ተከተላት።

የወሎ ንግግሩን ስትሰማ ቆመች። እሷም የዚያው ልጅ ናት፤ ሁለቱንም መንግሥት ጭኖ አሶሳ አራግፏቸዋል።

ብዙም ሳይቆይ የአስማተኛውን ልጅ ሆና ልትጫወት የመንደሩ ኪነት ቡድን ውስጥ ገባች። ልቧም አብሮ ገባ። የአብዮት በዓሉ ሲቃረብ ግን አንለይ ወደ ሱዳን ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሰማች። እሱ ምንም አልነገራትም። ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብላ አኮረፈችው።

በበዓሉ ቀን ከሰዓት የመንደሩ ካድሬ ከፊት ተቀመጠ። አንለይ ዱላውን አነሳ።

«ከአገሬ ያፈናቀለኝ ንጉሥ አገር ይጣ!»

ቃሉን ካድሬው ራሱ አንብቦ አሳልፎታል፤ ንጉሥ ቢረገም ምን ቸገረው? ሰፋሪው ግን ሽማግሌ ሲመርቅም ሲራገምም ዝም ብሎ አያውቅም። እጁን ዘርግቶ በአንድ ድምፅ፣

«አሜን!» አለ።

ካድሬው ቀስ ብሎ ዞሮ ሕዝቡን አየ። ከዚያ አንለይን አየው። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

እታለም ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ ሰው ታውቃለች። ሳታስበው ሮጣ መድረኩ ላይ ወጥታ አስማተኛው እግር ላይ ወደቀች።

«አባባ፣ እርግማኑን ይመልሱት። በሞቴ... ይህን ያስጠጋንን አገር ይመርቁት።»

ቲያትሩ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። አንለይ ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ያስጠጋን አገር... ይባረክ። እህሉ ይብዛ። ልጁ ይደግ።»

«አሜን!»

ካድሬው እጁን ከሽጉጡ ላይ አንስቶ አጨበጨበ።

ከመጋረጃው ጀርባ እታለም ክንዱን ይዛ አቆመችው።

«ልትጠፋ ነበር አይደል?» አለችው።

«ነበር።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ትከተይኛለሽ። በረሃ ላይ እንዳትቀሪብኝ ፈራሁ።»

«እኔስ አሁን ሳልፈራ የገባሁ መሰለህ?»

አንለይ ጢሙን ከፊቱ ላይ ገነጠለው። እያለቀሰ ነበር።

«አልሄድም» አለ። «አንቺ የሌለሽበት አገር ምን ያደርግልኛል?...»

በጥር ተጋቡ። ካድሬው ሳይጠራ ሠርጋቸው ላይ መጣ።

«አስማተኛው፣ እርግማኑ ቀርቶ ምርቃቱ ደረሰልህ» አለና ሳይስቅ የአንለይን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

እታለም የባሏን እጅ ያዘች፤ ካድሬው ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ አልለቀቀችውም።