ለብ ያለ ውሃ

አዛውንቱ አልጋቸው ላይ ሞተው ተዘርግተዋል። መርማሪው ከበሩ ሳያልፍ ሴት ልጃቸው አስታማሚዋን በጣቷ እየጠቆመች «አባቴን ቀቅላ የገደለችው ይቺ ናት! እሰሯት!» ብላ ጮኸች። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ ቆሟል። ምን ያስቸኩለዋል?

መርማሪው አንሶላውን ገለጠ። በስኳር በሽታ ከደነዘዙ ዓመታት ያለፋቸው ሁለቱ እግሮች ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት እኩል ተልጠው አመርቅዘዋል። ከዚያ ወዲያ አንድ የውሃ ፍንጣቂ እንኳ አልነካቸውም።

«ማንም አልታገላቸውም፤ ተረጋግተው ነው እግራቸውን የነከሩት» አለ።

«ቃጠሎው ስድስት ቀን ሆኖታል» አለ አስከሬኑን ሊመረምር የመጣው ሐኪም። «ቁስሉ ደማቸውን መረዘው። ወዲያው ቢታከሙ ይድኑ ነበር።»

ወንድ ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከአሥር ቀን መንገድ የገባው ዛሬ ነው። «የገዛሁለት ጫማ ጠቦት ይሆን እንዴ?» አለ እንባው እየቀደመው።

«ጫማ እንዲህ አያቃጥልም፣ ወንድሜ» አለው መርማሪው።

ከዚያ ወደ አስታማሚዋ ዞረ። «እግራቸውን በየቀኑ ታዪዋለሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ። በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር አደርቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄን እንዴት አላየሽም?»

ሁለት እጆቿን ለፖሊሱ ዘረጋች። «በቃ እሰሩኝ» አለች። መርማሪው እንዲህ ቶሎ እጁን የሚሰጥ ሰው አይወድም።

ጎረቤት ሻይ አቀረበች። መርማሪው ብርጭቆውን ሲያነሳ «ውይ!» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ዳቦ ጋጋሪ የሆነችው የሟቹ ሴት ልጅ ግን የራሷን ብርጭቆ በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ታለቅሳለች። መርማሪው እጇን ልብ ብሎ አየ። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ከስድስት ቀን በፊት እሁድ ነበር። ማን አጠባቸው?»

«እኔ ነኛ! እሁድ የእሷ እረፍት ነው» አለች ልጅቱ። «በእጄ ሞክሬ፣ ለብ ባለ ውሃ ነው እግሩን የነከርኩለት!»

«ከምድጃ ዳቦ ስታወጪ ስንት ዓመትሽ ነው፣ እህቴ?»

«ሃያ ሁለት።»

«እኔ ያቃተኝን ብርጭቆ ይዘሽ ተቀምጠሻል። እጅሽ ደንድኗል። በክርንሽ ሞክረሽው ቢሆን ኖሮ ያቃጥልሽ ነበር። እሳቸው ደግሞ አልተሰማቸውም።»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለ ሹፌሩ።

መርማሪው እውነቱን ማግኘቱን ጠላው። ግን ንጹሕ ሰው ልትታሰር ነው፤ ምን ያድርግ? «ሰኞ አየሽው፤ አይደል?» አላት አስታማሚዋን።

እሷም ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «አባባ አስማሉኝ! ካልሲ አልብሺኝ አሉኝ። ሐኪም ልጥራ ስላቸው፣ ‹ልጄ ካወቀች ራሷን ትጠላለች፤ ይድናል፣ ዝም በይ› አሉኝ። እኔም ሞኟ እሺ አልኩ።»

ልጅቱ ተነስታ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች፤ አልጋው ሥር ተንበረከከች። ከዚያ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው።

«አባዬ! ብትቆጣኝ ምን ነበረበት? አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝስ?»